የማሬ ማሸብሸብ

በኛ ጊዜማ፣ ልጆቼ፣ ሕፃን ፊደል የሚቆጥረው መሬት ተቀምጦ፣ በስንደዶ እየጠቆመ፣ አለንጋው ከራሱ በላይ ሆኖ ነው። እኔም እንዲያ ተማርሁ፣ እንዲያም አስተማርሁ፤ እዚሁ ደረስጌ አጠገብ ስንቱን ቄስ አደረግሁት! ታዲያ ደርግ ከወደቀ ብዙ ቆይቶ ኦ ክፍል የሚሉት፣ ከአንደኛ በፊት ያለው የሕፃናት ክፍል ተከፈተና ስንዱ የምትባል ቀጭን አስተማሪ ከጎንደር መጣች። እና ምን ታስተምራለች? ታዘልላለች! ግድግዳውን በከሰል ታስሞነጫጭራለች! ተረት ታስወራለች! «ጭላዳ ዝንጀሮ ሁኑ» ስትላቸው፣ እንዳለች በቂጣቸው እየተንፏቀቁ ሣር ይነጫሉ።

ታዲያ ወላጆች ወደኔ መጡ። «የኔታ፣ ልጅ ላክን እንጂ ዝንጀሮ መቼ ላክን? እርስዎ ይዩትና ይቅር ካሉ ዛሬውኑ እናስወጣለን» አሉኝ። እኔም ደስ አለኝ፣ ምን እዋሻለሁ፤ ከኔ ዘንድ የቀሩት ሦስት ልጆች ብቻ ነበሩ እኮ!

ሄድን። ልጆቹ እየዘፈኑ ይዘላሉ። ስንዱ ስታየኝ ፊቷ አመድ መሰለ፤ እንጀራዋ በኔ አፍ ነው፣ ታውቀዋለች። «ይሄ ዘፈን ነው ወይስ ትምህርት?» ብዬ ጮህሁባት። ታዲያ የጎረቤቴ ልጅ ማሬ፣ አምስት ዓመት አይሞላትም፣ ከኔ ዘንድ ሳለች ዓመት ሙሉ በነጠላዋ ተሸፍና አንዲት ሀ ያላለች፣ ብድግ አለችና «የኔታ፣ እርስዎስ በማርያም ዕለት ያሸበሽቡ የለ?» አለችኝ። ብላም አልቀረች፤ ሸንበቆ አነሣችና እንደ መቋሚያ ይዛ፣ አንገቷን እንደኔ ቀለስ አድርጋ ታሸበሽብ ጀመር። አቤት፣ አቤት! ቁርጥ እኔን!

ሰዉ አፍ አፌን ያያል። እና ምን ብል ጥሩ ነው? «አይደለም እንጂ ማሬ! ቀስ በይ፣ ጉልበትሽን ሸብረክ አድርጊ!» ብዬ መቋሚያዬን ይዤ መሐል ገባሁ።

አባቷ ከኋላ «በቃ፣ የኔታ ፈቀዱ!» አለ። ስንዱ አለቀሰች። እኔም አፈርሁ፣ ደግሞም ደስ አለኝ፤ ያች ልጅ ለካ አፍ ነበራት፣ እኔን ፈርታ ኖሯል። ከዚያ ወዲያ ዓርብ ዓርብ ተረት ነጋሪው እኔ ሆንሁ።

«የኔታ፣ ጭላዳስ ሆነው ያውቃሉ?»

ምን አልህ አንተ? ሃ ሃ! ሆኛለሁ እንጂ! ስንዱ በሩን ዘግታልኝ ነዋ።