በሁለት እጅ ሰላምታ

ወደ ታቦር በሚሄደው ታክሲ ከፊቴ የተቀመጡት እናት ቦርሳቸውን እቅፍ አድርገዋል። አጠገባቸው ያለችው ወጣት አዘነችላቸው።

«እማማ፣ እግርዎ ስር ያድርጉት፣ ይመችዎታል።»

«ተይኝ የኔ ልጅ። ሮም ልጄን ልጠይቅ ሄጄ ትምህርቴን አግኝቻለሁ።»

«ምን ሆኑ?»

«ልጄ ከተማውን በመብራት ልታሳየኝ ማታ ይዛኝ ወጣች። ‹ቦርሳሽን እንዳትለቂ› ብላኝ ነበር። አንዱ መጥቶ እጁን ዘረጋልኝ።»

«ያውቁታል?»

«ከየት አውቄው! ግን ሽበታም ነው። ሽማግሌ በአንድ እጅ ይጨበጣል? ቦርሳውን እግሬ ስር አስቀምጬ፣ ጎንበስ ብዬ ሁለት እጄን ሰጠሁት።»

«ከዚያስ?»

«ቀና ስል ቦርሳው የለም። ለካ ሌላ ሰው ከኋላዬ ቆሞ ነበር።»

ቀጣዩ ፌርማታ ላይ አንድ ሽበታም አባት ገብተው አጠገቤ ተቀመጡና «እንዴት ዋልክ ልጄ» ብለው እጃቸውን ሲዘረጉልኝ፣ በአንዱ እጄ ኪሴን ይዤ አንድ እጄን ብቻ ሰጠኋቸው።