ለለቅሶ የምናስቀምጠው ቃል

በእኛ አገር ሰው የሚሞገሰው በለቅሶው ቀን ነው። እኔም ባለቤቴን በፊቷ አመስግኜ አላውቅም ነበር። ልጄ ከመሐል ሜዳ ከተማ ያመጣችልኝን መጽሐፍ በአራተኛ ክፍል ንባቤ እየተንገዳገድኩ ስገፋ፣ ሚስቱን ከቀበራት በኋላ ብቻ ያመሰገነ ሰው ታሪክ ላይ ደረስኩ። የእኔው ነገር መሰለኝ። ቀና ስል ባለቤቴ ለባና ብርድ ልብስ የሚሆን የበግ ጠጉር ትፈትላለች።

“ፈትልሽ ያማረ ነው። እጅሽ ይባረክ” አልኳት።

እንዝርቷ ቆመ። “ትናንት ሳል ይዞኝ ጤና ጣቢያ ስትወስደኝ የነገሩህ ነገር አለ? ልሞት ነው?”

“ኧረ ጉንፋን ነው ያሉሽ። መጽሐፉ ነው እንዲህ ያሰኘኝ።”

እኔንም መጽሐፉንም አየችና ሳቋ መጣ።

“ብዙ ቀረህ?”

“ግማሹ።”

“እንግዲያው በጎቹን እኔ አስገባለሁ፤ አንተ አንብብ” ብላ ተነሣች።