«ሥራ የለውም» ብለሽ ጻፊ

ሰው ጡረታ ሲወጣ ወይ ይተኛል ወይ ይመክራል። እኔ እንቅልፍ ስለማይወስደኝ መምከሩን መርጫለሁ። ሠላሳ አራት ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ ያልጨረስኩት ምክር ስላለኝ ሰው ባገኘሁ ቁጥር አካፍላለሁ። ከዚህ ቀጥሎ የማጫውታችሁ ግን እኔ ራሴ ተመክሬ የተመለስኩበትን ቀን ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ነበር። በሕንፃችን ሁለተኛ ፎቅ ወደሚኖረው ወዳጄ ወደ ሰዓት ሠሪው እየወጣሁ ሳለ ደረጃው ላይ አንዲት ወጣት አገኘሁ። የወረቀት ክምር አቅፋ የበር ቁጥር ታነባለች። የምጣኔ ሀብት ባለሙያ እንደሆነችና ለማዘጋጃ ቤቱ የቤተሰብ ኑሮንና የልጆች አያያዝን እንደምታጠና በትህትና ነገረችኝ።

«ሰዓት ሠሪው ቁጡ ናቸው ይላሉ፤ እውነት ነው?» አለችኝ።

«ቁጡ እንኳን አይደለም፤ አንዴ ከተናገረ ግን አይመለስም። ነይ አብረን እንግባ፤ ሁለት ከሆንን ቁጣውን እንካፈለዋለን።»

ይህን ወዳጄን ደንበኞቹ ጋሽ ደቂቃ ይሉታል። «ሰዓቴ መቼ ይደርሳል?» ሲሉት «አንድ ደቂቃ!» ብሎ ሳምንት ስለሚያቆያቸው ነው። እኔ የሄድኩት ለመልእክት ነበር። የሙያ ትምህርት ቤቱ በሳምንት ሁለት ጠዋት የሰዓት ጥገና እንዲያስተምርለት ለምኖት፣ እሱ «እጄ ይንቀጠቀጣል፤ አልችልም» የሚል ደብዳቤ ጽፏል። መንገዴ ላይ ስለሆነ አድርስልኝ ብሎኛል። በከተማችን ይህን ሙያ አሳምሮ የሚያውቅ የቀረው እሱ ብቻ ነው፤ እሱ ካላስተማረው አብሮት ይቀበራል። ነገሩ ቢያሳዝነኝም ከታመመ እጅ ጋር ሙግት አይገጠም ብዬ ተውኩት።

ገባን። ደብዳቤው ታሽጎ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ ሳልረሳው አንስቼ ኪሴ ከተትኩት። የተፈታቱት ሰዓቶች ልጅ እንዳይደርስባቸው የመስታወት ሳህን ተደፍቶባቸዋል። የአራት ዓመቱ የልጅ ልጅ፣ በድምፁ ጡሩምባ የተባለው፣ ሶፋ ላይ ይዘላል። እህቱ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ከአፏ «ለምን?» ስለማይጠፋ ወይዘሪት ለምን እንላታለን። ሴትዮዋ ማን እንደሆነች፣ ለምን እንደመጣች፣ ወረቀቱ ለምን ነጭ እንደሆነ በአንድ ትንፋሽ ጠየቀች።

«የቤቱን ሰዎች ሥራ ቢነግሩኝ፣ ጋሼ» አለች ባለሙያዋ።

«ልጄ ነርስ ናት። ባሏ ረጅም መንገድ የሚሄድ አውቶቡስ ይነዳል። እኔን ‹ሥራ የለውም› ብለሽ ጻፊ።»

ጻፈች። «ታዲያ ልጆቹን ማን ይጠብቃል?»

«ማንም! ልጅ እኮ በራሱ ነው የሚያድገው። አንተ ጡሩምባ፣ ውረድ ከዚያ! እኛን ማን ጠበቀን? ነይ አንቺ፣ አፍንጫሽን፣ እፍ በይ፣ ጎበዝ። ማንም አልጠበቀንም፤ እንዲያው ዝም ብለን አደግን። ጫማህን ግራና ቀኝ አቀያይረህ ነው ያደረግከው፣ አምጣ እግርህን።»

ባለሙያዋ ሳቋን በወረቀቱ ጋረደችው። እኔ ግን ያኔ ምኑም አልታየኝም፤ ሰው ዓይኑ ሥር ያለውን ነገር ለማየት አንዳንዴ ደብተር የያዘ እንግዳ ያስፈልገዋል።

«ቅዳሜ ነዋሪው እንደሚሰበሰብ ያውቃሉ» አለች። «ምድር ቤት ያለው አዳራሽ የሕፃናት ማቆያ እንዲሆን ከተስማማችሁ ማዘጋጃ ቤቱ ሞግዚቶች ይቀጥራል፣ ዕቃም ያሟላል። ካልተስማማችሁ ዕድሉ ለሌላ ሕንፃ ይሰጣል።»

«አውቃለሁ እንጂ! በተቃውሞው ወረቀት ላይ የመጀመሪያው ፊርማ የኔ ነው። ልጅ ካፖርት አይደለም፣ በር ላይ ሰቅለሽው የምትሄጂ። ለማላውቀው ሰው የልጄን ልጆች አልሰጥም።»

«ስጋትዎ ትክክል ነው፤ ባይሰጉ ነበር የሚገርመኝ። ለዚህም ነው አንዲት ሞግዚት ከስድስት ልጅ በላይ እንዳትይዝ፣ ሠልጥና እንድትገባ፣ በሩም ለቤተሰብ ቀኑን ሙሉ እንዲከፈት የተወሰነው። ሲፈልጉ ወርደው ያያሉ፤ ካልወደዱት ልጆቹን ይዘው ይወጣሉ። ደግሞም ከእርስዎ የሚወሰደው ከሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ያለው ድካም ነው። ፍቅሩን ማን ይወስድብዎታል?»

«ምን ድካም? አልደከመኝም እኮ!»

እኔም ይህን ጊዜ ጉሮሮዬን ጠርጌ ስለ ሕፃናት አስተዳደግ ንግግር ልጀምር አልኩ። «ወገኖቼ፣ ትምህርት ማለት...» ብዬ ሳልጨርስ በሩ ተከፈተና የጎረቤት ልብስ ሰፊዋ ብቅ አለች። «ጋሼ፣ ለአፍታ ያዙልኝ፤ ደንበኛ ቆሞብኛል» ብላ የስምንት ወር ልጇን ቅርቧ በሆነ ጭን ላይ፣ ማለትም በእኔ ላይ፣ አስቀምጣ ሮጠች። ሕፃኑ መነጽሬን ነጠቀኝ፣ ላሰው፣ ከዚያ ጢሜን ያዘ። እንደምንም መነጽሬን አስመለስኩ፤ ጢሜን ግን አለቅም አለ። ስንት ሺህ ተማሪ በአንድ ጥቅሻ ጸጥ ያሰኘሁትን ሰውዬ፣ አንድ ጥርስ እንኳ ያላበቀለ ፍጡር ንግግሬን ከአፌ ቀማኝ።

በዚህ መሃል ጡሩምባ ስሙን የሚያስመሰክር ጩኸት ለቀቀ። ከመስኮቱ እንጨት ስንጥር ጣቱ ውስጥ ገብቷል። ጋሽ ደቂቃ ምንም አልተደናገጠም። ልጁን ጭኑ ላይ አስቀመጠ፣ የሥራ ማጉያ መስታወቱን ዓይኑ ላይ ገጠመ፣ ወረንጦውን አነሳ። «አንበሳ ስንት እግር አለው?» ብሎ ጠየቀው። ልጁ «አራት» ከማለቱ ስንጥሩ ወጥቷል። ከፀጉር የቀጠነች ነበረች።

«እጅዎ እንዴት ይረጋል!» አለች ባለሙያዋ፣ ምንም ሳታውቅ።

እኔም ጢሜ እንደተያዘ አመለጠኝ፤ «እንዴ! እጄ ይንቀጠቀጣል ብለህ አይደለም እንዴ ለትምህርት ቤቱ የጻፍከው?»

ወዳጄ ማጉያውን አወለቀና መሬት መሬት አየ። እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም፤ አሳዘነኝ።

«ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ?» አለ በመጨረሻ። «አርባ ዓመት ሰዓት የጠገነ ሰውዬ ‹ልጅ ስለምጠብቅ አልመጣም› ብሎ ይጻፍ? ይስቁብኛል። የእጅ መንቀጥቀጥ ያስከብራል፤ የልጅ ንፍጥ መጥረግ አያስከብርም።»

«ማስተማሩን ይፈልጉት ነበር?» አለች ቀስ ብላ።

«ሌሊቱን ሁሉ በልቤ እያስተማርኩ ነው የማድረው፣ ልጄ።»

ባለሙያዋ ላጲሷን አውጥታ የጻፈችውን አጠፋች። «ጋሼ፣ እዚህ ቤት የተሳሳቱት እርስዎ ብቻ አይደሉም። ይህን መጠይቅ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። አሥራ አራተኛው ጥያቄ እንዲህ ይላል፤ ‹ልጅ በመጠበቅ ምክንያት ሥራ ያልተቀበለች ሴት በቤቱ አለች?› ሦስት ወር ሙሉ ሴቶችን ብቻ ጠይቄ፣ እንደ እርስዎ ያለውን ሰው አልፌ ሄጃለሁ። እርስዎ ሥራ የለኝም ሲሉ እኔም አምኜ ጻፍኩ። በዚች አንድ ሰዓት ግን ስንት ሥራ ሲሠሩ አየሁ! ያልተጻፈ ሥራ ደግሞ ማዘጋጃ ቤቱ ጋ አይደርስም፤ አዳራሹም የተሰበረ ወንበር ታጭቆበት ይኖራል።»

ጋሽ ደቂቃ ወረንጦውን ቦታው መለሰ። ከዚያ ሕፃኑን ከጭኔ ተቀበለኝና «ተነሡ፣ አዳራሹን እንየው» አለ። ልጆቹን ይዘን ወረድን። መስኮቱን ገፋ አድርጎ ከፈተ፣ መሬቱን በእግሩ መታ መታ አደረገ፣ ግድግዳውን ዳሰሰ። «ፀሐይ ይገባዋል» አለ። ትንሽ ቆይቶ፣ «ይቺ መስኮት ግን ስንጥር እንዳይኖራት በደንብ ትላግ» አለ። ይህን ሲል እንደተረታ ገባኝ፤ ደብዳቤውንም ከኪሴ አውጥቶ ቀደደው። ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ ጡሩምባን አቅፌ ሳምኩት።

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም አለ። የተቃውሞው መሪ ይናገራል ሲባል ደጋፊዎቹ አጨበጨቡ።

«ፊርማዬን አንሥቻለሁ» ሲል ጭብጨባው ቆመ። «ማቆያው ለሴቶች ነው ሲባል ሰምታችኋል። ለነሱም ነው። ልብስ ሰፊዋ ሥራዋን በቀን ትጨርሳለች፤ ልጆቻችን ከእኩዮቻቸው ጋር እየተጫወቱ ይማራሉ፤ ተረኛ ሠራተኛ አርፋ ወደ ሥራዋ ትገባለች። እኔ ግን ዛሬ የምጠይቀው ለራሴ ነው። አስተምር ተብዬ ልጆቹን ለማን ልተዋቸው ብዬ እምቢ ልል ነበር። ሙያዬን ይዤ መሞት አልፈልግም። ከቁርስ እስከ ምሳ ልጆቹን ተቀበሉኝ፤ ከምሳ በኋላ የራሴ ናቸው።»

ከኋላ ልጁ፣ ነርሷ፣ ተነሣች። እስከዚያች ሰዓት አታውቅም ነበር። «አባዬ፣ ለምን አልነገርከኝም?» አለችው እንባዋ እየወረደ።

«ብነግርሽ ሥራሽን ትተዪው ነበር።»

«እተወው ነበር» አለች።

ከዚያ በኋላ ክርክር የሚባል ነገር አልነበረም። እጅ ስንቆጥር ሁለቱንም እጆቹን ያነሣ አንድ ሰው ተገኘና አንዱን እንዲያወርድ ተለመነ። ያ ሰው እኔ ነኝ።

ማቆያው ከተከፈተ ሦስተኛ ወሩ ነው። ባለሙያዋ ጥያቄዋን አርማ ቤቶቹን እንደገና ዞረች፤ የእኛን አይተው ሁለት ሌሎች ሕንፃዎችም አዳራሻቸውን ጠርገዋል። ወዳጄ አሥራ አንድ ተማሪዎች አሉት፤ ከመካከላቸው አንዷን «ከእኔም ትሻላለች» እያለ ይመካባታል። እሱ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ልጆቹ በር ላይ ይጠብቁታል፣ እሱም ለዓመታት ያላያቸውን ሰዎች እንደሚያገኝ ሆኖ እየሮጠ ይመጣል። ድሮ ቀኑን ሙሉ አብረውት ሲውሉ እንዲህ ሲሮጥላቸው አይቼው አላውቅም።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ምክሬ አጭር ነው። በእናንተም ቤት «ወገቤን፣ ዓይኔን» እያለ የሚወደውን ነገር የተወ አባት ወይም እናት አይጠፋም። ዛሬ ማታ ሳይሆን አሁኑኑ ሄዳችሁ ጠይቁት፤ መልሱን እስኪነግራችሁም ልጁን ያዙለት።