ከሩሐማ ጎን ያለው ቦታ

«አባዬ! አባዬ፣ ወደዚህ ጠጋ በል እንጂ!»

ድምፁ ከትምህርት ቤቱ የቀርከሃ አጥር ማዶ መጣ። አቶ ጎሹ በሄዱበት ቀጥ አሉ። ያን ድምፅ ከስንት ጫጫታ መካከል ይለዩታል፤ የልጃቸው የሩሐማ ነው። የተበጠሰ የወፍጮ ቺንጋ በትከሻቸው አንጠልጥለው ሌላ ሊገዙ ወደ አሶሳ ገበያ እየሄዱ ነበር፤ በዚህ መንገድ እንደሚያልፉ ለማንም አልተናገሩም። «እንዴት አየችኝ?» አሉ ለራሳቸው። ሳያስቡት ፊታቸው ፈካ። ልጅቱ እቤት ውስጥ በዚህ ድምፅ ከጠራቻቸው ስንት ጊዜ ሆኗል! እናቷ የሺሀረግ ካረፈች ወዲህ በቤታቸው የሚሰማው «እራት ቀርቧል» እና «በሩን ዝጊው» ብቻ ነው።

«አቤት ልጄ!» ሊሉ ወደ አጥሩ ተጠጉ። በቀርከሃው ክፍተት አሾልከው ሲያዩ ግን ሩሐማ ጀርባዋን ሰጥታቸዋለች። በማንጎ ዛፍ ሥር ከተደረደሩት አግዳሚዎች በአንዱ ላይ ተቀምጣለች። ከጎኗ ነጭ ጀለቢያ የለበሱ ሽማግሌ አሉ። እጅጌያቸውን ይዛ ወደ ራሷ እየሳበች፣ «አባዬ፣ አሁን የነገርኩህን ድገመው» ትላቸዋለች።

«ረሳሁ» አሉ ሽማግሌው። «አንተ እንደገና ንገረኝ።»

«አንቺ በል! ስንቴ ልንገርህ?» ሩሐማ ከት ብላ ሳቀች።

የአቶ ጎሹ ደም ፈላ። በሕይወታቸው ብዙ ነገር ተወስዶባቸዋል፤ «አባዬ» መባል ይወሰድብኛል ብለው ግን አስበው አያውቁም ነበር።

ትምህርት ቤቱ ትንሽ ነው። ከዩኒቨርሲቲ የወጡ ጥቂት ጓደኛሞች አንድ አሮጌ ግቢ ተከራይተው የከፈቱት ነው፤ ክፍሎቹ ስለሚጠቡ ከሰዓት በኋላ ትምህርቱ ወደ ማንጎው ጥላ ይወጣል። ልጆቹ በበርታኛ ይጣላሉ፣ በአማርኛ ይታረቃሉ፤ ከባምባሲ የመጡት ደግሞ በኦሮምኛ ይዘፍናሉ። ግቢው አንድ የራሱ ደንብ አለው። ኀሙስ ከሰዓት ከእያንዳንዱ ልጅ ጎን አንድ የቤተሰቡ ሰው ይቀመጣል፤ ልጁም በሳምንቱ የተማረውን ለዚያ ሰው ያስተምራል።

አቶ ጎሹ ይህን ፈጽሞ አልሰሙም ማለት አይቻልም። የሺሀረግ ኀሙስ ኀሙስ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ስትወጣ፣ «ደግሞ ምን አጥፍታ ነው የጠሩሽ?» ይሏት ነበር። እሷም ፈገግ ብላ ትሄዳለች። ካረፈች በኋላ አንድ ቀን ሩሐማ፣ «አባዬ፣ ትምህርት ቤት ትፈለጋለህ» ስትላቸው፣ ለምን እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቁ ጥግ ላይ አንበረከኳት። ልጅቱ አላለቀሰችም። ሁለተኛም አልጠራቻቸውም።

በእርግጥ ይህ የአቶ ጎሹ ስሕተት ብቻ አይደለም። በአገራችን ወላጅ ወደ ትምህርት ቤት የሚጠራው ልጁ መስኮት ሲሰብር፣ ሲደባደብ ወይም ፈተና ሲወድቅ ነው። ስለዚህ ለብዙ አባት የትምህርት ቤት በር ከፖሊስ ጣቢያ በር አይለይም፤ አንገቱን ደፍቶ ይገባል፣ ተቆጥቶ ይወጣል፣ ቁጣውንም ማታ ልጁ ላይ ያወርደዋል። ልጁ ደህና የዋለ ዕለት የሚጠራው የለም፤ ሳይጠራም የሚመጣ የለም።

አቶ ጎሹን የግቢው በር ላይ መምህርት ኢቲዳል አገኘቻቸው። እዚያው አሶሳ ተወልዳ ያደገች ቀጭን ወጣት ናት። «ጋሽ ጎሹ! እንኳን ደህና መጡ» አለች ጎንበስ ብላ። ዓይኗ ትከሻቸው ላይ አረፈ። «ወላሂ፣ ይህን የሚያህል ቀበቶ ለአንዲት ልጅ?»

«የወፍጮ ቺንጋ ነው» አሉ አቶ ጎሹ ሳይስቁ። «ይልቅ አንድ ነገር ንገሪኝ መምህርት። እኔ ሞቻለሁ?»

«አላህ አይበለው! ምነው?»

«ታዲያ ልጄ አባዬ የምትለው ማንን ነው? እንድታስተምሩልኝ ሰጠኋችሁ እንጂ ለማደጎ ሰጠኋችሁ? ዛሬውኑ አስወጣታለሁ! ሌላ ትምህርት ቤት ትገባለች፤ እዚያ ጎኗ የሚቀመጥ ባዳ የለም።»

«አባት ነዎት፣ ማስወጣት ይችላሉ» አለች ኢቲዳል ረጋ ብላ። «ግን ሰምተውኝ ያስወጧት። እዚህ ድንጋይ ላይ አረፍ ይበሉ።»

«ቆሜ እሰማለሁ።»

«እሺ፣ ቆመው ይስሙ። እኒያ ሽማግሌ ሼህ ሻዕባን ይባላሉ። የመንጌ በርታ ናቸው፤ ቤታቸው መንገዱን ተሻግሮ ያ የቆርቆሮው ነው። ልጆቻቸው ሱዳን ገብተው፣ ጦርነቱ ከተነሣ ወዲህ ወሬያቸው ጠፋ። ከሰዓት ከሰዓት በራቸው ላይ ሆነው የልጆቹን ድምፅ ያዳምጡ ነበር። እናቷ ስታርፍ የሩሐማ ጎን ባዶ ሆነ። መጀመሪያ ሰሞን ለቦርሳዋ ታስተምር ነበር።»

«ለምኗ?»

«ለቦርሳዋ። አጠገቧ ታቆመውና ታስረዳዋለች። አንድ ኀሙስ ብድግ ብላ ወጣችና እኒህን ሽማግሌ እጃቸውን ይዛ ገባች። ‹ማን ናቸው?› ስላት ‹አባቴ ነው› አለችኝ። እርስዎን እንደሆነ አውቅዎታለሁ፤ ስንት ጊዜ ወፍጮ ቤትዎ ተሰልፌያለሁ። ግን ለቦርሳ ከምታስተምር ብዬ ዝም አልኩ። ጥፋት ከሆነ ጥፋቱ የኔ ነው።»

አቶ ጎሹ ወደ ማንጎው ተመለከቱ፤ ከበሩ ላይ ሆነው የሚታያቸው የአግዳሚው ጫፍና የሽማግሌው ነጭ ጀርባ ነበር።

«እኔ የሚፈለግብኝን በወሩ እከፍላለሁ» አሉ። «ደብተር ጎደለባት? ጫማ ጎደለባት? ማስተማር ያንቺ ሥራ ነው፤ የኔ ሥራ መፍጨት ነው። እህል ያመጣ ሰው አብሮኝ ሊፈጭ ይቆማል?»

«አይቆምም። ግን ዱቄቱን በጣቱ አሸት አድርጎ አያይም? ሸካራ ከሆነበት ‹ጋሽ ጎሹ፣ ይደገምልኝ› አይልም? እኔ ራሴ ስንቴ አስደግሜዎታለሁ።»

«አንቺማ የምትፈልጊው ዱቄት ሳይሆን ትቢያ ነው።» ሳቃቸው ሊያመልጣቸው ሲል መለሱት።

«ልጅዎን ካስረከቡን ጀምሮ አንድ ቀን በጣትዎ አሸት አድርገው አላዩም። ልም ትሁን ሸካራ በምን ያውቃሉ?»

«በካርዷ ነዋ! ከሦስተኛ በታች ወጥታ አታውቅም።»

«ካርዱ ደረጃዋን ነው የሚነግርዎት። ገበያ ላይ ሽንኩርት የምትሸጠውን ብሪቱን ያውቋት የለ? የልጇ ካርድ ልጁ ሰነፍ ነው ይል ነበር፤ እሷም አምና ትገርፈው ነበር። አንድ ኀሙስ መጥታ ጎኑ ተቀመጠች። ‹እስቲ ሰሌዳው ላይ ያለውን አንብብልኝ› ስትለው፣ ልጁ ሰሌዳውን ትቶ የጓደኛውን አፍ ያያል። ለካ ዓይኑ ነው! እኔ አስተማሪው ስንት ወር አብሬው ውዬ ያን አላየሁም። እናቱ ግን አጠገቡ ቁጭ ስትል አየችው። ዛሬ መነጽር አድርጎ ከሁሉም ቀድሞ እጁን የሚያወጣ እሱ ነው። በወርቅ አጠባ ወራት ከትምህርት የሚጠፉብን ልጆችም ነበሩ፤ አባቶቻቸው ኀሙስ መቀመጥ ከጀመሩ ወዲህ፣ ‹ልጄ የጀመረልኝን ይጨርስልኝ› እያሉ ራሳቸው ይዘዋቸው ይመጣሉ።»

አቶ ጎሹ፣ «ብሪቱ ማንበብ ትችላለች?» ሲሉ ጠየቁ።

«አትችልም።»

«እኔም ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው ነኝ። ልጄ ፊት አላዋቂ ሆኜ ልጎለት?»

«እሱ እኮ ነው የሚፈለገው! ልጅ ለሚያውቅ ሰው ሲያስረዳ እንደተፈተነ ይቆጥረዋል፤ ለማያውቅ ሰው ሲያስረዳ ግን ራሱም ያኔ ይገባዋል። ‹አልገባኝም› ይበሏት። ከዚህ ሌላ ምንም አይጠበቅብዎትም።»

«አንቺ ልጅ፣ አባት ትምህርት ቤት ሲመጣ ምን እንደሚሆን አታውቂም።» አቶ ጎሹ ቺንጋውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወሩ። «በሰባ ሰባቱ ድርቅ ኸወሎ ለሰፈራ ስንነሣ፣ አባቴ ‹አንተ ቅደም፤ እናትህ ሲሻላት እንከተልሃለን› አለኝ። ለጎረቤታችን ‹ልጄ ነው በል› ብሎ አስረከበኝ። እዚህ መጥተን ጫካ መንጥረን መንደር ሠራን። መኪና ሰው ይዞ በመጣ ቁጥር ሮጬ እሄዳለሁ፤ የሚወርደውን ሁሉ ፊት ፊቱን አያለሁ። ኋላ መንደሩ ትምህርት ቤት ገብቼ ተደባደብኩና ‹አባትህን ካላመጣህ አትገባም› ተባልኩ። ኸየት ላምጣ? ጎረቤታችን እንዳይሰማብኝ ፈርቼ የትራክተር ነጂውን ለመንኩት። ደግ ሰው ነበር፣ እሺ ብሎ መጣልኝ። አባት ለመምሰል መምህሩ ፊት በጥፊ አጮለኝ። መምህሩም ‹አዎ፣ እውነትም አባቱ ነው› ብሎ አመነ።»

ኢቲዳል ልትስቅ ጀምራ ፊታቸውን ስታይ ተወችው።

«አባትዎስ?»

«አልመጣም።»

አንዲት ባጃጅ አቧራ እያስነሣች አለፈች። ሁለቱም አቧራው እስኪበርድ ጠበቁ።

«ይህን ለሩሐማ ነግረዋት ያውቃሉ?»

«ምን ብዬ? ለልጅ እንዲህ ያለ ወሬ ይነገራል?»

«ጋሽ ጎሹ» አለች ኢቲዳል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የዛሬው ትምህርት ቤተሰባችን ከየት መጣ የሚል ነው። እያንዳንዱ ልጅ የአባቱን አገር ያስረዳል። ሩሐማ የእርስዎን አገር አታውቀውም። ስለዚህ የምትናገረው ከሼህ ሻዕባን የሰማችውን ነው። ቅድም በአጠገቧ ሳልፍ፣ ‹እኛ የመንጌ ሰዎች ነን፤ አያቴ ወንዝ ዳር ወርቅ ያጥብ ነበር› ስትል ሰማኋት።»

አቶ ጎሹ ያን ሁሉ ዘመን ዝም ያሉት ሕመሙ ወደ ልጃቸው እንዳያልፍ ነበር። ለካ ከሕመሙ ጋር አገሩንም፣ አያቷንም ከልክለዋታል። ልጅ ደግሞ ባዶ ቦታ ይዞ መቀመጥ አይችልም፤ ሌላ አባት ፈልጎ፣ ሌላ አገር ለምኖ ይሞላዋል።

«ደላንታ እኮ ነን» አሉ በመጨረሻ።

«ለኔ ምን ያደርግልኛል? ለሷ ይንገሯት።»

ቺንጋውን አውርደው አጥሩ ላይ ሰቀሉት። «ልገርፋት የመጣሁ እንዳይመስላት» አሉና ገቡ።

ሩሐማ ስታያቸው ከአግዳሚው ብድግ አለች። ሳቋ ከፊቷ ላይ ጠፋ። «ምን አጠፋሁ?» አለች።

«ምንም አላጠፋሽም። ልማር ነው የመጣሁት።»

«ምን?»

«ያስተማርሽውን ሁሉ። እኔ አልገባኝም።»

ከኋላ ያሉት ልጆች አፋቸውን በመዳፋቸው ከድነው ሳቁ። ሼህ ሻዕባን ሊነሡ ሲሉ አቶ ጎሹ ጉልበታቸውን ያዝ አደረጓቸው። «አይነሡ፤ አግዳሚው ለሦስት ይበቃል።»

«ልጅህ ጎበዝ ነው» አሉ ሽማግሌው። «ብዙ ያውቃል። እኔን ብዙ አስተማረ።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አሉ አቶ ጎሹ፤ ከዚያ የሚበልጥ ቃል አላገኙም።

ሩሐማ በሁለቱ መካከል ተቀመጠች። «እኛ የ...» ብላ ጀምራ አባቷን ቀና ብላ አየችና አቋረጠች።

«የደላንታ» አሉ አቶ ጎሹ።

«ደላንታ የት ነው?»

«ወሎ። ከፍ ያለ ሜዳ ነው፤ ዙሪያው ገደል። ማለዳ ገደሉ ጫፍ ላይ ብትቆሚ ደመናው ከእግርሽ ሥር ነው።»

«ከእግር ሥር? አልገባኝም።»

«ደመናው ቁልቁል ነው፣ አንቺ ላይ ነሽ። አያትሽ ደመናው ገለጥ እስኪል ጠብቆ ነው ከብቶቹን የሚያወርደው። ቁመቱ ረጅም ነበር። ሲያፏጭ ማዶ ይሰማል።»

«አሁንስ የት አለ?»

«እከተልሃለሁ ብሎኝ ነበር» አሉ አቶ ጎሹ።

ሩሐማ ሌላ አልጠየቀችም። አግዳሚው ላይ ተንሸራትታ ትከሻዋን በክንዳቸው ላይ አስደገፈች። እሳቸውም ከሁለት ክረምት በኋላ የልጃቸውን የፀጉር ሽታ አሸተቱ።

በዚያ ከሰዓት አቶ ጎሹ ካርድ ነግሯቸው የማያውቀውን ብዙ ነገር አወቁ። ሩሐማ በግራ እጇ እንደምትጽፍ፣ ክፍልፋይ ሲመጣ ከንፈሯን እንደምትነክስ፣ ስትናገር ልክ እንደ የሺሀረግ እጇን እንደምታወናጭፍ። ከልጁ ጎን የተቀመጠ ወላጅ የልጁን ድካም ሳይብስ ያየዋል፤ መምህሩም የማይደርስበትን የሚያይለት ያገኛል። ልጁ ጥፋቱን ሳይፈራ ይናገራል፤ የዘሩን ታሪክ ከትክክለኛው አፍ ይሰማል፤ ትምህርት ቤቱንም የቤቱ ቅጥያ አድርጎ ይወደዋል። ለዚህ ሁሉ የተጠየቀው አንድ ከሰዓት ዝም ብሎ መቀመጥ ነው።

ኢቲዳል በአጠገባቸው ስታልፍ፣ «እህሳ፣ ጋሽ ጎሹ? ልጅቱን ያስወጧታል?» አለቻቸው።

«ተዪኝ እባክሽ!» አሉ። «ኀሙስ ወፍጮውን ዘግቼ እመጣለሁ። ለተሰላፊውም እነግረዋለሁ፤ ከልጁ ጎን ያልተቀመጠ ሰው እህሉ የሚፈጨው ከሁሉም በኋላ ነው።»

«በግድ?»

«ወፍጮው የኔ አይደል እንዴ?»

ሩሐማ ሳቀች፤ ዙሪያቸውን የተቀመጡት እናቶችም ሳቁ። በሳቁ መካከል ሼህ ሻዕባን ከአግዳሚው ተነሡ። ጀለቢያቸውን ከኋላ አራገፉ። መዳፋቸውን ሩሐማ ራስ ላይ ለአፍታ አሳረፉ።

«ወዴት ነው? ገና አልጨረስንም እኮ» አለቻቸው።

ሽማግሌው በማንጎው ሥር ቀስ ብለው ሄደው ከበሩ ወጡ። መንገዱን ተሻገሩ። የቤታቸው በር ገርበብ እንዳለ ነበር፤ ሼህ ሻዕባን ግን አልገቡም፤ በበሩ ላይ አልፈው፣ ወደኋላ ሳይዞሩ፣ ቁልቁል፣ ልጆቻቸው በሄዱበት በሱዳን መንገድ ሄዱ።