የክላሪ መጋዘንና የስልኩ ካርታ

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ደብዳቤዬን ልወስድ እዚህ አውስትራሊያ ኢኒስፌል ከተማ ፖስታ ቤት ብሄድ፣ ፍራሽና ሶፋ የጫነች ፒክአፕ በሩ ላይ ቆማለች። ሾፌሯ ስልኳን እያሳየች፣ «የክላሪ መጋዘን እዚህ ነው ይላል፤ ታዲያ የታለ?» አለችኝ። ክላሪ ጎረቤቴ ነው፤ ለዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ክፍሉን የሚያከራየው መጋዘን ግን ከዚያ ዐሥራ አራት ኪሎ ሜትር፣ ከሸንኮራው እርሻ ማዶ ነው። «ተከተዪኝ» ብላት፣ «ተወው፣ ሌላ አላጣም» ብላ ሄደች።

በቀጥታ ወደ ክላሪ ነዳሁ። ክላሪ ከሃያ ክፍሎቹ ዐሥራ አምስቱ ባዶ ቢሆኑበት፣ ከሟች ሚስቱ ከሞርና ጋር በእጃቸው የሠሩትን መጋዘን ዐርብ ዕለት ለሚያፈርስ ሰው ሊሸጥ ነበር።

ከመጋዘኑ አጠገብ ያለው ቤቱ ስደርስ፣ ኬርንስ ከተማ ንግድ የምትማረው የእህቱ ልጅ ብሮንዊን አጎቷን ይዛ ትከራከራለች። ያየሁትን ብነግራቸው ልጅቱ ብድግ አለች።

«አጎቴ፣ የስልኩ ካርታ ላይ የትኛውን አድራሻ ነው የሰጡት?»

«ፖስታ የሚመጣልኝን ነዋ! አድራሻ ሲሉኝ ሌላ ምን ልስጥ?»

እኛ የገጠር ሰዎች እንዲህ ነን፤ ደብዳቤያችን ከተማ፣ ኑሯችን ሸንኮራው ውስጥ።

«በሉ የካርታውን ምልክት እበርዎ ላምጣው» አለች ብሮንዊን። « ፎቶውንና የሥራ ሰዓቱንም እናስገባ። ከዚያ ደንበኞችዎን ያዩትን እዚያው ካርታው ላይ እንዲጽፉ ይጠይቋቸው።»

«አመስግኑኝ ብዬ ልለምን? ሞቼ ነው ቆሜ! በዚህ አገር ራሱን ያሞገሰ መሳቂያ ነው። ሠላሳ ዓመት መንገድ ዳር ባቆምኩት ሰሌዳ ኖሬያለሁ።»

«አዲሱ ጎዳና ከተከፈተ ወዲህ ሰሌዳዎን የሚያነበው ካንጋሮ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ማስቀመጫውን ሆዱ ላይ ይዞ ነው የሚዞረው!»

ሳቄ አመለጠኝ። ክላሪ ግን ኮስተር አለ።

«አሞግሱኝ ይበሉ አላልኩም፤ ክፉም ቢሆን እውነቱን ይጻፉ» አለች ብሮንዊን ለስለስ ብላ። «ዕቃውን የሚያስቀምጥ እንግዳ የባለቤቱን አፍ አያምንም፤ የጎረቤትን ነው የሚያምን።»

እኔም፣ «አንተስ ሐኪም ስትመርጥ ሰው አትጠይቅም?» አልኩት።

«እስከ ዐርብ ብቻ» አለ እያጉረመረመ፤ እንዲጽፉለት ለአምስቱ ደንበኞቹ መልእክት ላከ።

ሐሙስ ጠዋት ብሮንዊን ካርታው ላይ የተጻፈውን ከስልኩ አነበበችልን። የጻፈችው ጁሴፒና የምትባል ደንበኛ ናት፦ «አውሎ ነፋስ ጣሪያዬን በወሰደው ጊዜ ክላሪ ዕቃዬን በራሱ መኪና ጭኖ አተረፈልኝ። ሚስቱ ሞርና ደግሞ ለልጄ ሠርግ የራሷን ነጭ ጫማ ሰጠቻት፤ ለማንም እንዳንናገር አስምላ።»

«ያንን ጫማ ስንት ጊዜ ፈልጌዋለሁ!» አለ ክላሪ፤ ተቀመጠ።

ከሰዓት በኋላ አገሩን ረግጠው የማያውቁ ባልና ሚስት ዕቃቸውን ጭነው ከማውንት አይዛ ከተማ ተነሥተው፣ አንድም ሰው ሳይጠይቁ እበሩ ላይ መኪናቸውን አቆሙ። «የት መጋዘን እንዳለ ስልኩን ብንጠይቀው አመጣን። መንገድ ላይ የጫማዋን ነገር ካነበብን በኋላ ሌላ አልፈለግንም» አሉ። እግዚኦ! ከዘጠኝ መቶ ኪሎ ሜትር ማዶ ያለ ሰው የዚህን ምስኪን በር ያውቃል ብሎ ማን አሰበ?

አንባቢ ሆይ፣ ሥራህ መልካም ከሆነ የሚገኝበትን በትክክል አስታውቅ፤ ያየህም ይመስክርልህ። ፈላጊ አይንከራተትም፣ አንተም ደጅህ ላይ ተቀምጠህ ዕድልህን አታማርርም። የክላሪ ክፍሎች በስድስት ሳምንት ሞሉ።

ያን ሐሙስ ግን ክላሪ ለእንግዶቹ ቁልፍ ከሰጠ በኋላ ለገዢው ደውሎ፣ «አልሸጥም» አለው። ገዢው ምክንያቱን ቢጠይቀው ዕንባውን በመዳፉ ጠረገና፣ «ሚስቴ ደንበኛ እየላከችልኝ ነው» አለው።