አለቀ በለው

እኔ የግንባታ መሐንዲስ ነኝ፤ ትዕግሥቴ ለሲሚንቶ እንጂ ለሰው አይበቃም። ያን ዕለት ንድፍ ላስባዛ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ጎራ ብል ማንን ባገኝ ጥሩ ነው? ባልደረባዬን ጋሼንና የእኅታቸውን ልጅ! ባንኮኒው ላይ ያልተሞላ የምዘና መመዝገቢያ ቅጽ ተዘርግቷል፤ ፎቶ ኮፒ አንሺው ማሽኑን አቁሞ ክርክራቸውን ይሰማል።

ጋሼ የምንሠራው የእናቶች ማዋለጃ ሕንፃ የፕሮጀክት ቁጥጥር ኃላፊ ናቸው። የቱ ሥራ ደረሰ፣ የቱ ዘገየ፣ የቱስ የቱን ይጠብቃል የሚለውን ተከታትሎ ማሳወቅ የእሳቸው ድርሻ ነው። በዚህ ሙያ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርተዋል። ሠራተኛው ግን «ጋሽ አለቀ-በለው» ነው የሚላቸው። ግድግዳው ተለሰነ? አለቀ በለው። መስኮቱስ? አለቀ በለው። እኛ ቃሉ «ሊያልቅ ነው፣ አታስብ» ማለት መሆኑን ለምደነዋል። ሪፖርት ላይ ሲሰፍር ግን «አልቋል» ይሆናል፤ በዚህ ስንት ጊዜ አንጀቴ እንዳረረ እኔና ፈጣሪ ነን የምናውቀው።

በቅርቡ ደግሞ ከአሠሪው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ። ከመጪው ወር ጀምሮ በሙያ ብቃት ምዘና ያለፈ ባለሙያ ያልፈረመበትን ሪፖርት አንቀበልም ይላል። የእኅታቸው ልጅ እዚያው ቢሯቸው ውስጥ ትሠራለች፤ ምዘናውን ካለፈች ሁለት ዓመቷ ነው። እንግዲህ ወይ ጋሼ ይመዘናሉ፣ ወይ እስክሪብቶውን ለእሷ ያስረክባሉ።

«መሐንዲስ! እንኳን መጣህ፤ እስቲ አንተ ፍረድ» አሉኝ። «በዚህ ዕድሜዬ ሂድና ተፈተን ልባል? አዝዬ ያሳደግኳት ልጅ አዋቂ፣ እኔ መሀይም!»

«መሀይም ያለዎት የለም፣ ጋሼ» አለች ልጅቱ። «ደግሞ ምዘና እንጂ ፈተና አይደለም።»

«ያው በገሌ!»

«አይደለም እኮ! ፈተና የሸመደዱትን ነው የሚጠይቀው፤ ምዘና የሠሩትን። መዛኙ የሥራ ዕቅድዎን፣ ሪፖርትዎን፣ ችግር ሲገጥምዎ የጻፉትን ደብዳቤ ያምጡ ይላል። ከዚያ ይህን ለምን እንዲህ አደረጉ ብሎ ያነጋግርዎታል። በዚህ በዚህ በቅተዋል፣ እዚህ ላይ ገና ይቀራል ይልዎታል። የቀረውን ብቻ ተምረው ይመለሳሉ።»

«ያሠራኋቸው ሕንፃዎች ይመስክሩልኝ!»

«ሕንፃ አፍ የለውም፣ ጋሼ። ስንት ወር እንደዘገየም አይናገርም።»

«አየህ? አየህልኝ አፏን?»

እውነቱን ልናገር፤ ሁለቱም አሰልችተውኛል። እሳቸው ግትር ናቸው። እሷ ደግሞ ልክ ናት፤ ግን ልክነቷን ታበዛዋለች። ንድፌን ላስባዛ መጥቼ የቤተ ዘመድ ሽምግልና!

በዚህ መካከል የጋሼ ስልክ ጮኸ። ጆሯቸው ስለደከመ ድምፁን ለቀው ነው የሚያወሩት፤ ሁላችንም ሰማን። ደዋዩ የማዋለጃ ጣቢያው ኃላፊ፣ የቆየ ወዳጃቸው ዶክተሩ ነው።

«የውሃ መስመሩስ?» ሲል ጠየቀ።

«አለቀ በለው፣ ዶክተር!»

«ተመስገን! በል እንግዲያው ሰኞ እናቶቹን አዛውራለሁ። አሁን ያለንበትን አሮጌ ቤት ለማስረከብም አሁኑኑ እፈርማለሁ» ብሎ ዘጋው።

የልጅቱ ፊት ተለዋወጠ። «ጋሼ፣ ፓምፑ መጥቷል?»

«መንገድ ላይ ነው።»

«መስመሩ እንዳያፈስ በግፊት ተፈትሿል?»

«እሱማ ይደርሳል። ቧንቧው ግን ተዘርግቷል!»

«ታዲያ ምኑ ነው ያለቀው? ዶክተሩ የሰሙት ቧንቧ ሲከፈት ውሃ ይመጣል የሚል ነው። ሰኞ ምጥ የያዛት ሴት ብትገባ አዋላጇ እጇን በምን ትታጠብ?»

ይኼኔ ደሜ ፈላ፤ ባንኮኒውን በጥፊ አጮልኩት።

«ኧረ በፈጠረዎት! ይህን ቃል እስከ መቼ እንሸከመው? ጥፋቱ የእኔም ነው፤ እየሰማሁ ስቄ አልፌአለሁ። አሁን ግን ሰው ሊሞትበት ነው!»

ልጅቱ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጋሼ፣ መዛኙ መጀመሪያ የጠየቀኝ ምን ነበር መሰለዎት? ‹አንድ ሥራ አለቀ የምትዪው ምን ሲሆን ነው?› አለኝ። ቀባጠርኩ። ያለፍኩት በሁለተኛው ነው።»

«አንቺ? አንቺ ወድቀሽ ነበር?»

«ገና ይቀርሻል ተብዬ ነበር። ለእማዬ እንኳ አልነገርኳትም።»

ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ ዞር ብለው ደህና አድርገው አዩዋት። «በሁለተኛውስ ምን ብለሽ መለስሽ?»

«የውሃ መስመር አለቀ የሚባለው ተዘርግቶ፣ ተፈትሾ፣ ተረካቢው ውሃ መምጣቱን አይቶ ሲፈርም ነው። እስከዚያ ተዘርግቷል ይባላል እንጂ አልቋል አይባልም አልኩት።»

ጋሼ ስልኩን አንሥተው ደወሉ። «ዶክተር፣ ቅድም የነገርኩህ ስህተት ነው። የውሃው ሥራ አላለቀም። ፓምፑ አልመጣም፣ መስመሩም አልተፈተሸም። ሰኞ እንዳትዛወር፤ አሮጌውንም ቤት እንዳታስረክብ።»

ወዳጅም ቢሆን ዶክተሩ አልማራቸውም፤ የስድብ መዓት አወረደባቸው። እሳቸው ቆመው ጠጡት። «ልክ ነህ» አሉ በመጨረሻ። «መቼ እንደሚያልቅ ዛሬ አላውቅም። አቅራቢውን አነጋግሬ ሐሙስ በጽሑፍ እሰጥሃለሁ።» ስልኩን ዘጉና እጃቸውን ለልጅቱ ዘረጉ። «እስክሪብቶ አምጪ።»

ተመዘኑ። ከምዘናው አምስት ክፍሎች በአራቱ በቅተዋል፤ በአምስተኛው፣ የሥራን መጠን በመለካት፣ «ገና ይቀራል» ተባሉ። ያን ቀን ቢሮ ገብተው የደነፉት ድንፋታ አይወራም! ቢሆንም ሦስት ሳምንት ከእኅታቸው ልጅ አጠገብ ወንበር ስበው እየተማሩ ተመለሱና አለፉ።

አንባቢ ሆይ፣ የብቃት ወረቀቱ ለጋሼ ዕውቀት አልጨመረላቸውም የምትል ከሆነ ልክ ነህ፤ ዕውቀቱ ከመጀመሪያውም ነበራቸው። ምዘናው ያደረገው ያልያዙትን ለይቶ ማሳየት ነው፤ ይህን ደግሞ ባልንጀራ አፍሮ አይነግርህም። እኔን ውሰደኝ፣ ስንት ዓመት ዝም አልኩ። ዛሬ ሪፖርታቸውን ያነበበ ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር ይረዳል። ዕቃ ሲዘገይ ቀድመን እናውቃለን። ነገ ማንም ወደማያውቃቸው አገር ሥራ ፍለጋ ቢሄዱ ወረቀቱ ይናገርላቸዋል። ልምድ አለኝ ብለህ የምትኮራ ሁሉ፣ ልምድህን አስመዝነው፤ እውነተኛ ከሆነ ምን ያስፈራሃል?

እናቶቹ የተዛወሩት ከሰባት ሳምንት በኋላ ነው። ጋሼና እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆመን ነበር። አንዲት ምጥ የያዛት ሴት ተደግፋ ገባች፤ አዋላጇ ቧንቧውን ከፍታ እስከ ክንዷ ታጠበችና ተከትላት ገብታ በሩን ዘጋች። ቀና ብሎ ያየን የለም፤ ውሃ መጣ ተብሎ ማን ይመሰገናል? ጋሼ ሰዓታቸውን አዩና የዕለቱን ሪፖርት ሊጽፉ ሄዱ።