ሹራብ ለብሶ የወጣ ነፍሰ ገዳይ

(ደብረ ብርሃን፣ ከሰዓት በኋላ። እማማ እጥፍወርቅ መስኮቱ ሥር ሹራብ ይሠራሉ፤ ዐይኗን ታክማ ለጊዜው ማንበብ የተከለከለች የልጅ ልጃቸው ሳምራዊት ጥቁር መነጽሯን እንዳደረገች ከንባብ ክበብ ተመልሳ ፊታቸው ቆማለች።)

እማማ፦ ያቺ ልጅ ግን በዚያ ዝናብ የት አደረች ይሆን?

ሳምራዊት፦ የትኛዋ ልጅ?

እማማ፦ ማንም። ከክሩ ጋር ነው የማወራው።

ሳምራዊት፦ ክሩን ተዪውና ከእኔ ጋር አውሪ። የመጽሐፏን ልጅ ነው ያልሽው። አንቺ ስታነቢልኝ እኮ ልጅቷ ከበር ተመልሳ፣ ሽሮዋን በልታ፣ እግሯን ታጥባ ተኝታለች።

እማማ፦ እንደሱ ነው ያልኩሽ?

ሳምራዊት፦ እንደሱ ነው ያልሽኝ። እኔም ዛሬ ክበቡ ፊት ቆሜ፣ የዚህ መጽሐፍ ውበቱ መጨረሻው ነው፣ እግር መታጠቧ ራሱ ብዙ ይናገራል አልኩ።

እማማ፦ ጥሩ ብለሻል። ምን አሉ?

ሳምራዊት፦ ሳቁ። መጀመሪያ ከኋላ ያሉት፣ ከዚያ የፊተኞቹ፣ በመጨረሻ ሰብሳቢው ራሱ። አንዱማ የእኔ መጽሐፍ የት ማተሚያ ቤት እንደታተመ ጠየቀኝ።

እማማ፦ በሰው የሚስቁ ምን ዓይነት አንባቢዎች ናቸው? ንባብ ሰው ያደርጋል ሲባል ነበር የምሰማው።

ሳምራዊት፦ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ እማማ። ስንቱን መጽሐፍ ነው እንዲህ ያደረግሽው?

እማማ፦ ምን አደረግሁ? ሐኪሙ ፊደል ላይ ዐይኗን እንዳታሳርፍ አለኝ፤ አሳረፍሽ? ጉሮሮዬ እስኪደርቅ አነበብኩልሽ። በስምንተኛ ክፍል ትምህርቴ ከዚህ በላይ ምን ልሁንልሽ?

ሳምራዊት፦ ያ የነፍሰ ገዳዩ መጽሐፍስ? ሰው ሊገድል ሲወጣ ‹‹ሹራቡን ደርቦ›› ብለሽ ነው ያነበብሽልኝ።

እማማ፦ ነፍሰ ገዳይ አይበርደውም?

ሳምራዊት፦ ከዚያ መንገድ ላይ የንስሐ አባቱን አገኘና ወደ ቤቱ ተመለሰ። ያ ሁሉ ገጽ የቀረው መጽሐፍ እዚያው አለቀ።

እማማ፦ ተመለሰ እንግዲህ። ሰውየው ከተመለሰ የቀረው ገጽ ምን ይሠራል?

ሳምራዊት፦ የመርከበኞቹስ? ካፒቴኑን ጉንፋን ሲይዘው ዳማከሴ ጨመቁለት። ባሕር መሐል ዳማከሴ ከየት መጣ?

እማማ፦ አስቦ የወጣ ሰው ከጓሮው ቀጥፎ ይዞ ይወጣል።

ሳምራዊት፦ ዶሮ ብታልም ጥሬዋን አሉ።

እማማ፦ እኔም አስተያየት አለኝ፤ ክበብ ስላልገባሁ ማንም አይጠይቀኝም እንጂ። እነዚህ ደራሲ የሚባሉት ሰዎች ልጅ አላሳደጉም። ሦስቱንም መጽሐፍ አገላበጥኩ፤ ሰው ይሮጣል፣ ያፈቅራል፣ ይታሰራል፣ ምሳ የሚበላ ግን የለም። ያ የመርከቡማ ያን ሁሉ ጎረምሳ ለማዕበል ከሰጠ በኋላ፣ እናቶቻቸውን ማን እንዳረዳ አንድ መስመር አልጻፈም። ሰው ገድሎ መርዶ የማይነግር ደራሲ ምን ይባላል?

ሳምራዊት፦ ቆይ፣ ሰጠሙ?

እማማ፦ እነማን?

ሳምራዊት፦ መርከበኞቹ። አንቺ ስታነቢልኝ ጅቡቲ ደርሰው ዓሣ አልበሉም?

እማማ፦ ጥቂቶቹ በልተዋል።

ሳምራዊት፦ እማማ!

እማማ፦ እሺ፣ ማንም አልበላም። ዐይንሽን ታክመሽ ነበር፣ ላስለቅስሽ? እንባ ቁስል ላይ ምን እንደሚሠራ ሐኪሙን ጠይቂው።

ሳምራዊት፦ አሁን ስሚኝ። ከሐዋሳ የመጣው ሰውዬ ብቻ አልሳቀም።

እማማ፦ የምን ሰውዬ?

ሳምራዊት፦ ነግሬሽ ነበር፤ ያኔም ከክሩ ጋር ስታወሪ ነበር። እዚያ ሬዲዮ ጣቢያ መጻሕፍት ላይ የምታወራ ሰው ይፈልጋሉ። ሲወጣ ጠጋ ብሎ፣ ያልተጻፈውን እንዲህ ካወራሽ የተጻፈውንማ አለኝ። ትክክለኛውን መጨረሻ ሰምቼ የሚሰማኝን እንድነግረው እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሆቴሉ ይጠብቀኛል። ከዚያ ይሄዳል።

እማማ፦ ይሂዳ። መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት።

ሳምራዊት፦ የመጨረሻዋን ገጽ አንብቢልኝ።

እማማ፦ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል አልሰማሽም?

ሳምራዊት፦ ብብቴ ሥር ያለሽው አንቺ ነሽ። አጥብቄ ነው የያዝኩሽ፤ አትወድቂም። አንብቢልኝ።

እማማ፦ መነጽሬ ጠፍቷል።

ሳምራዊት፦ ዐይንሽ ላይ ነው።

እማማ፦ ይሄ የሹራብ ነው። የንባቡ ሌላ ነው።

ሳምራዊት፦ እሺ፤ ኃይለልዑልን እጠራዋለሁ።

እማማ፦ የትኛውን ኃይለልዑል? ያን ከአጥር ማዶ ሲመሽ ጊታር የሚነካካውን?

ሳምራዊት፦ ድምፁ ደግሞ ደስ ይላል። ቀስ እያለ፣ ጆሮዬ ሥር ሆኖ ያነብልኛል።

እማማ፦ አምጪው መጽሐፉን።

ሳምራዊት፦ እንደተጻፈው።

እማማ፦ እንደተጻፈው። ‹‹ልጅቱ ሻንጣዋን አነሣች። እናቷ ጀርባዋን ሰጥታ ልብስ ታጥፋለች። ውጭ ዝናብ ነበር። ልጅቱ ሹራቧን…››

ሳምራዊት፦ እማማ።

እማማ፦ እሺ፤ ሹራብ የለም። ሻንጣው ውስጥ ይኖራል ብዬ ነው።

ሳምራዊት፦ ቀጥዪ።

እማማ፦ ‹‹በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች። እናቷ…›› ጠራቻት ብል ማን ይጎዳል?

ሳምራዊት፦ ጠራቻት?

እማማ፦ አልጠራቻትም። ‹‹እናቷ አልዞረችም። ልጅቱም አንድ ቃል ሳትናገር ወጣች። ታጥፎ የተደረደረው ልብስ ሁሉ የልጅቱ ነበር።›› ይኸው፤ ከዚህ በታች የማተሚያ ቤቱ አድራሻ ነው።

ሳምራዊት፦ አለቀ?

እማማ፦ እኔም ገጽ የጎደለ መስሎኝ ሽፋኑን ሁሉ ፈትሻለሁ።

ሳምራዊት፦ መጥፎ መጨረሻ ነው እንዴ? እንደ አንባቢ ንገሪኝ።

እማማ፦ መጥፎ ቢሆንማ አነብልሽ ነበር። አሳምሮ ነው የጻፈው፣ እጁ ይቆረጥና። ካነበብኩት ወዲህ ልብስ ባጠፍኩ ቁጥር ያቺ ልጅ ትመጣብኛለች። አንቺ ከሰማሽው ቁም ሣጥን ላይ ያለውን ሻንጣ ማውረድሽ አይቀርም ብዬ ነው። እናትሽም ለሳምንት ነው ብላ ነበር የወጣችው፤ አሁን የማያት ለፋሲካ ነው።

ሳምራዊት፦ እኔ ብሄድ ግን ሁልጊዜ ትሰሚኛለሽ። ሬዲዮ ነው እኮ።

እማማ፦ ሬዲዮን ምሳ በላሽ ወይ ቢሉት አይመልስም።

ሳምራዊት፦ ዝግጅቱን ስጨርስ፣ ውድ አድማጮቼ፣ ምሳ በልቻለሁ እላለሁ።

እማማ፦ ያባርሩሻል።

ሳምራዊት፦ ከተባረርኩ እመለሳለኋ። አንቺም ደስ ይልሻል።

እማማ፦ ተባርረሽ አይደለም ደስ የሚለኝ።

ሳምራዊት፦ ለመሆኑ ይሄ ሹራብ ለማን ነው?

እማማ፦ ለጎረቤት ልጅ።

ሳምራዊት፦ ያ ገና አፉን ያልፈታው ሕፃን? እጅጌው እኔን ያክላል። ለእኔ ከሆነ ደግሞ ሐዋሳ ሙቀት ነው፤ ሹራብ የሚለብስ የለም።

እማማ፦ ሐይቅ ባለበት ነፋስ አይጠፋም። ስንት ሰዓት ሆነ?

ሳምራዊት፦ አሥር ተኩል አልፏል።

እማማ፦ ታዲያ ምን ገተረሽ? ሂጂና የተሰማሽን ንገሪው። የእኔን እንዳትነግሪው፤ አሮጊት ገባችበት ይላል። የመርከቡን መርዶ ነገር ግን ጣል አድርጊልኝ፤ እሱ ትክክለኛ ትችት ነው። አስፋልቱን ስትሻገሪ ባጃጆቹን እያየሽ። ደመናው ከብዷል፣ ቆይ መስኮቱን ልዝጋው፤ ይሄ መስኮት ደግሞ ሳይገፉት አይገጥምም። ሹራቡ አልቋል፣ አዝራር ብቻ ነው የቀረው፤ ወንበሩ ላይ ነው። ልበሺው አላልኩም፤ አለ ነው ያልኩሽ። ሳምሪ? ሳምሪ፣ ሰማሽኝ? ወይ ይቺ ልጅ! ጀርባዬን እስካዞር ጠብቃ፣ ልክ እንደ መጽሐፏ ልጅ ቃል ሳትተነፍስ ወጣች። ሹራቡን ግን ወስዳዋለች። እንግዲህ ከደራሲው ይልቅ እኔ ነኝ በትክክል ያነበብኩት።